ልባሽ የሞተር ብስክሌት የቆዳ ልብስ በመጠነኛ ዋጋ ስለ መግዛት

በንግድ ዓለም ውስጥ ከሚዘዋወሩት ሸቀጦች መካከል እንደ ልባሽ ዕቃ ዋጋው ለመቁረጥ የሚያስቸግር የለም። አዲስ ዕቃ ፋብሪካው የወሰነለት፥ ባለሱቁም በዝርዝር ያሰፈረው ዋጋ አለው። ልባሹ ዕቃ ግን ዋጋውን የሚያገኘው ከገዢውና ከሻጩ ዕውቀት ነው፤ ከሁለቱ አብልጦ የሚያውቀው ይጠቀማል፥ አሳንሶ የሚያውቀው ይጎዳል። ይህን በሚገባ ከሚያስረዱት ሸቀጦች አንዱ በአውሮፓና በአሜሪካ በብዛት የሚሸጠው ልባሽ የሞተር ብስክሌት የቆዳ ልብስ ነው።

ይህ ሸቀጥ ከሌላው ልባሽ ልብስ የሚለይበት ምክንያት አለው። ተራ ኮት ወይም ሸሚዝ ገዝቶ የተታለለ ሰው የሚጎዳው በገንዘቡ ብቻ ነው። የሞተር ብስክሌት ልብስ ገዝቶ የተታለለ ሰው ግን መታለሉን የሚያውቀው አስፋልት ላይ በወደቀ ጊዜ፥ በገዛ ገላው ነው። ስለዚህ የልብሱ ርካሽነትና የልብሱ ደኅንነት ለየብቻ ሳይሆን በአንድነት መመርመር አለባቸው። የዚህም ትምህርት ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፤ የልባሽ ቆዳ ልብስ ዋጋ የሚለካው ፊት ለፊት በሚታየው ውበትና በተለጠፈበት ስም ሳይሆን፥ ቶሎ በማይታዩት በክሩ፥ በመመከቻውና በልኩ ነው። ርካሽ የሚባለውም የጥገናው ወጪ ሁሉ ከተደመረበት በኋላ ርካሽ ሆኖ የተገኘው ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስተውሉ ያስፈልጋል።

ቆዳ ስለምን ተመረጠ?

የሞተር ብስክሌት ነጂ ዙሪያውን የሚከልለው የመኪና አካል የለውም። በወደቀ ጊዜ በመጀመሪያ ከመሬት ጋራ ይጋጫል፤ ቀጥሎም እንደ ያዘው ፍጥነት መጠን እየተፈገፈገ ይንሸራተታል። ግጭቱ አጥንትን ይሰብራል፥ መፈግፈጉ ቆዳንና ሥጋን ይልጣል። ተራ የጥጥ ጨርቅ ከአስፋልት ጋራ ሲፈገፈግ ወዲያው ስለሚበጣጠስ፥ የቀደሙት ነጂዎች የለፋ የከብት ቆዳ መልበስን መረጡ። በ1928 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ኧርቪንግ ሾት «ፐርፌክቶ» ብሎ የሰየመውን ባለዚፕ የቆዳ ጃኬት ሠራ፤ ጃኬቱም በሎንግ አይላንድ በነበረ የሃርሊ ዴቪድሰን መሸጫ ቤት በ5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ዓይነት ጃኬት በመላው ዓለም የታወቀ ጌጥ ሆነ። ይህም ራሱ ለገዢው ወጥመድ ነው፤ ቅርጹ የሞተር ብስክሌት ልብስ የሚመስል፥ ነገር ግን ለከተማ ሽርሽር ብቻ የተሠራ ስስ ጃኬት ከዋናው ጋራ ተቀላቅሎ በገበያ ይገኛልና።

ልብሱ በእርግጥ ይጠቅም እንደ ሆነ በአውስትራልያ ሊዝ ደ ሮምና የሥራ ባልደረቦቿ አጥንተው ውጤቱን በ2011 ዓ.ም. አሳትመዋል። ጥናቱ የተመለከተው አደጋ የደረሰባቸውን 212 ነጂዎች ነው። ለሞተር ብስክሌት ተብሎ የተሠራ ጃኬት የለበሱት ሰዎች ካልለበሱት ይልቅ ሆስፒታል የመተኛታቸው ዕድል በ21 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሱሪውን የለበሱት በ51 በመቶ፥ ጓንቱን ያጠለቁት ደግሞ በ59 በመቶ። ዳሩ ግን ይኸው ጥናት ሌላም ነገር ገልጧል። በአደጋው ጊዜ ከተለበሱት ጃኬቶች 29.7 በመቶው፥ ከሱሪዎቹ 28.1 በመቶው፥ ከጓንቶቹም 25.7 በመቶው ተቀድደው ወይም ተበስተው ወይም ስፌታቸው ተፈትቶ ሥራቸውን ሳይፈጽሙ ቀርተዋል። እንግዲህ ለሞተር ብስክሌት ተብሎ ከተሠራው ልብስ እንኳ ከአራቱ አንዱ ያህል በክፉ ቀን የሚከዳ ከሆነ፥ ሌላ ሰው ለብሶት የቆየውን ያለ ምርመራ መግዛት እንደማይገባ ግልጽ ነው። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ገበያ የተስማማ ምክር ነው።

መልካም ርካሽና ክፉ ርካሽ

አንድ የቆዳ ልብስ ዋጋው ዝቅ የሚለው በሁለት ዓይነት ምክንያት ነው። አንደኛው ከልብሱ ጋራ የማይገናኝ ምክንያት ነው። ባለቤቱ ወፍሯል ወይም ከስቷል፤ ልጅ ወልዶ ሞተር ብስክሌት መንዳት ትቷል፤ ወይም ልብሱን ከገዛው በኋላ ቀለሙን ጠልቶታል። እንዲህ ያለው ልብስ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዋጋው ይወድቃል፤ እኛም መልካም ርካሽ እንለዋለን። ሁለተኛው ምክንያት ከልብሱ ከራሱ የሚነሣ ነው። ቆዳው ደርቋል፤ ክሩ በስብሷል፤ ወይም ልብሱ ከአደጋ ወጥቶ ቀለም ተቀብቷል። ይህ ክፉ ርካሽ ነው። የገዢው ጥበብ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን በመለየት ላይ የተመሠረተ ነው።

መልካም ርካሽ የሚገኝበት ጊዜና ስፍራ አለው። በሰሜን አውሮፓ አገሮች ብዙው ሰው ሞተር ብስክሌት የሚነዳው ከጸደይ እስከ መኸር ነው። ስለዚህ ብርዱ ሲገባ ሻጩ ይበዛል፥ ገዢው ያንሳል፤ ጸደይ ሲቃረብ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጃኬቱን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ የሚገዛ ሰው ያንኑ ጃኬት በሚያዝያ ከሚገዛው ይልቅ ለመከራከር ይመቸዋል። እጅግ ትልቅ ወይም እጅግ ትንሽ ልክ ያላቸው፥ እንዲሁም እንደ እሽቅድድም ልብስ በቢጫና በአረንጓዴ ያሸበረቁ ልብሶች ፈላጊያቸው ጥቂት ስለ ሆነ ይረክሳሉ። ጥቁር ቀለምና መካከለኛ ልክ ግን ሁልጊዜ ፈላጊ አላቸው።

የፋብሪካ ስምም ዋጋን ከፍ ያደርጋል። ከ1963 ጀምሮ የሚሠራው አልፓይንስታርስና ከ1972 ጀምሮ የሚሠራው ዳይኔዜ፥ ሁለቱም የጣሊያን ቤቶች፥ በልባሽ ገበያ ውስጥም ስማቸው ይከፈልበታል። ስም ጥቂት ማስረጃ ነው እንጂ ሙሉ ማስረጃ አይደለም። የታላቅ ፋብሪካ ጃኬት በእርጥብ ምድር ቤት ዐሥር ዓመት ከተሰቀለ፥ ስሙ ያልታወቀ ሆኖ በደረቅ ቁም ሣጥን ከተጠበቀው ጃኬት ያነሰ ነው።

የፍተሻው ሥርዓት

ገዢው ልብሱን በእጁ ሲይዝ ያለ ሥርዓት መመልከት አይገባውም። ከዚህ በታች ያለውን ተራ ቢከተል የሚዘነጋው ነገር አይኖርም።

1ኛ/ ቆዳው። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት የቆዳው ዓይነትና ውፍረት ነው። አብዛኛው የሞተር ብስክሌት ልብስ የሚሠራው ከ1.1 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የከብት ቆዳ ነው። የፍየል ሌጦ ቀለል ያለ ሆኖ ብርቱ ነው፤ የካንጋሩ ቆዳ ደግሞ ከውፍረቱ ጋራ ሲመዛዘን ከሁሉ ስለሚጠነክር ውድ በሆኑት የእሽቅድድም ልብሶች ላይ ይገኛል። ለጌጥ የሚሠራው ጃኬት ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰና እጅግ የለሰለሰ ነው፤ በጣት መካከል ሲያዝ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ገዢ የጃኬቱን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ይመልከት። ለመንዳት የተሠራው ቆዳ ይከብዳል፥ ሲታጠፍም ይከራከራል።

ቀጥሎ ክርኑና ትከሻው ያለበትን ስፍራ አጥፎ ማየት ነው። በመታጠፊያው ላይ ጥቃቅን መስመር ቢታይ የዕድሜ ምልክት ነው፥ አያሳስብም። ስንጥቁ ጠልቆ የቆዳው ውስጥ ከታየ ግን ቆዳው ዘይቱን ጨርሶ ደርቋል፤ ቅባት ቢቀባም የሞተው አይነሣም። ሽታውንም ማሽተት ይገባል። የሻጋታ ሽታ ያለው ልብስ እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነው፤ ያ እርጥበት ከቆዳው አልፎ ክሩንም ነክቶት ይሆናል።

ከዚህም በቀር ከአደጋ የወጣ ልብስ መሆን አለመሆኑን መመርመር አስፈላጊ ነው። በወደቀ ሰው ልብስ ላይ ምልክቱ የሚገኘው በትከሻ፥ በክርን፥ በዳሌና በጉልበት ነው። ሻጩ ያንን ስፍራ ቀለም ቀብቶት እንደ ሆነ ለማወቅ ነጭ መሐረብ በውኃ አርጥቦ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። መሐረቡ ከጠቆረ ቀለሙ አዲስ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ጊዜ ስፍራውን በጣት ዳስሶ ከጎኑ ካለው ቆዳ ጋራ ማስተያየት ይገባል፤ የተፋቀው ስፍራ ሻካራና ስስ ሆኖ ይገኛል። አንድ ጊዜ የተፋቀ ቆዳ ሁለተኛውን መውደቅ የሚቀበለው በቀረው ውፍረቱ ብቻ ነው።

2ኛ/ ስፌቱ። ገዢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚዘነጉት ይህን ነው፤ ዳሩ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። የቆዳ ልብስ ቆዳው ብርቱ ሆኖ ሳለ ስፌቱ ከተፈታ ነጂው እንዳልለበሰ ይቆጠራል። መልካም ልብስ በብርቱ መገጣጠሚያዎች ላይ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ስፌት ይኖረዋል፤ ከእነርሱም አንዱ ረድፍ በውስጥ ተሸሽጎ አስፋልቱ እንዳይነካው ተደርጎ የተሠራ ነው። በትከሻና በክርን ውጫዊ ገጽ ላይ ብዙ ስፌት ያለበት ልብስ ለዐይን ቢያምርም በመጀመሪያ የሚፈታው ከዚያው ነው። የመርፌው ቀዳዳ ከመጠን በላይ የተቀራረበ ከሆነም ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ተበጣጥሶ ይለያል።

ፈተናው ቀላል ነው። ስፌቱን በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ይዞ በመጠኑ መሳብ ነው። ክሩ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ደኅና ነው። ስፌቱ ጥርሱን ካገጠጠ፥ ይኸውም በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ክሩ ተዘርግቶ ከታየ፥ ልቅ ሆኗል። አንድ ክር እንኳ ጠብ ብሎ ከተበጠሰ ልብሱን አስቀምጦ መሄድ ይሻላል። አንድ ስፍራ ላይ የበሰበሰ ክር በሌላውም ስፍራ እንደዚያው ነውና። በተለይ በቀድሞ ዘመን በጥጥ ክር የተሰፉት ልብሶች በላብና በእርጥበት ይበሰብሳሉ፤ በናይለን ወይም በፖሊየስተር ክር የተሰፉት ግን ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። አሮጌ ፐርፌክቶ መሳይ ጃኬት ለጌጥ የሚገዛ ሰው ይህን ባያጤን ብዙም አይጎዳም፤ ሊነዳበት የሚገዛ ግን ያጢን።

3ኛ/ ዚፑና ገበሩ። ዚፕ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከፍቶና ተዘግቶ መታየት አለበት፤ የእጅጌው ዚፕ፥ የኪሱ ዚፕ፥ እንዲሁም ጃኬቱን ከሱሪው ጋራ የሚያያይዘው የወገብ ዚፕ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን ነጂው በጀርባው ሲንሸራተት ጃኬቱ ወደ ላይ እንዳይሰበሰብ የሚይዘው እርሱ ነው። ዚፕ ማስለወጥ ቆዳ ሰፊውን ረጅም ሰዓት ስለሚወስድበት የሚጠይቀው ዋጋ ቀላል አይደለም። የተቀደደ ገበር ግን የሚያስፈራ አይደለም፤ እንዲያውም ለመከራከሪያ ይጠቅማል፥ በቀላሉ ይጠገናልና።

4ኛ/ መመከቻው። በትከሻ፥ በክርን፥ በጉልበትና በዳሌ ከገበሩ ሥር በተሰፉ ኪሶች ውስጥ የሚገባው፥ የግጭትን ኃይል የሚያበርደው ንጣፍ መመከቻ ይባላል። ቆዳው የሚከላከለው መፈግፈግን ነው፤ መመከቻው የሚከላከለው ግጭትን ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የአውሮፓው መለኪያ ኢ.ኤን. 1621-1 መመከቻውን በ50 ጁል ኃይል መትቶ ወደ ሌላው ወገን የሚያልፈውን ይለካል። በአማካይ ከ35 ኪሎ ኒውተን የማይበልጥ የሚያሳልፈው ደረጃ 1፥ ከ20 ኪሎ ኒውተን የማይበልጥ የሚያሳልፈው ደረጃ 2 ይባላል። ስለዚህ ደረጃ 2 ከደረጃ 1 ይሻላል። በጀርባ ላይ የሚገባው በሌላ መለኪያ በኢ.ኤን. 1621-2 ይፈተናል።

መመከቻውን ከኪሱ አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ባዶ ኪስ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በኪሱ ውስጥ ተራ ስፖንጅ ብቻ ተጨምሮ የሚሸጥም አለ። አሮጌ ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት ይደርቅና በጣት ሲጫኑት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይፈረፈራል። እንዲህ ሆኖ የተገኘው ሁሉ ዋጋ የለውም ተብሎ ይቆጠር፤ ገዢውም አዲስ መመከቻ ገዝቶ ለማስገባት ያስብ። ደስ የሚያሰኘው ነገር መመከቻ ለብቻው አዲስ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑ ነው። ጤነኛ ቆዳና ጤነኛ ስፌት ያለው አሮጌ ጃኬት በአዲስ መመከቻ ሊታደስ ይችላል። የበሰበሰ ስፌት ያለው ጃኬት ግን በምንም መመከቻ አይታደስም።

5ኛ/ ምልክቱ። በልብሱ ውስጥ የተሰፋው ጨርቅ ብዙ ነገር ይናገራል። ከኤፕሪል 21 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2016/425 የመከላከያ ልብስ ሁሉ ተፈትኖ የሲ.ኢ. ምልክት እንዲይዝ ያዝዛል። በ2020 የወጣው መለኪያ ኢ.ኤን. 17092 ደግሞ የሞተር ብስክሌት ልብስን በክፍል ለይቶታል። ከፍተኛው ኤ.ኤ.ኤ. ነው፤ ቀጥሎ ኤ.ኤ.፥ ከዚያም ኤ. ይመጣሉ። ቢ. የተባለው ክፍል መፈግፈግን እንደ ኤ. እየተከላከለ መመከቻ የሌለው ነው፤ ሲ. የተባለው መመከቻን ብቻ የሚይዝ ልብስ ነው። ከሁሉ አብልጦ ለመፈግፈግ የተጋለጠው የልብሱ ክፍል በፍተሻ መኪና ላይ ሲፈተን ለኤ.ኤ.ኤ. በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር፥ ለኤ.ኤ. 70 ኪሎ ሜትር፥ ለኤ. 45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሰጠዋል። ይህ የፍተሻ መኪናው ፍጥነት ነው እንጂ ነጂው በዚያ ፍጥነት ቢወድቅ አይጎዳም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከ2018 በፊት በተሠሩት ብዙ ጃኬቶች ውስጥ የሲ.ኢ. ምልክት የሚገኘው በመመከቻው ላይ ብቻ ነው። ሻጩም «ሲ.ኢ. ያለው ጃኬት ነው» ብሎ ሲያስታውቅ ምናልባት ሳይዋሽ ያሳስታል፤ የተፈተነው ክርኑ ላይ ያለው ንጣፍ እንጂ ጃኬቱ አይደለምና። ስለዚህ ገዢው ምልክቱ በየትኛው ላይ እንዳለ ይጠይቅ። በሌላ ወገን ደግሞ ምልክት የሌለው አሮጌ ልብስ ሁሉ መናኛ ነው ማለት አይቻልም፤ መልካም ሆኖ የተሠራ ብዙ አለ። ነገር ግን ማስረጃ የሌለው ዕቃ ማስረጃ ካለው እኩል ሊከፈልበት አይገባም።

6ኛ/ ልኩ። የአውሮፓ የወንድ ልክ ብዙውን ጊዜ የደረት ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለሁለት ተከፍሎ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ የደረቱ ዙሪያ 100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 50 ቁጥር ይለብሳል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ቁጥር ይኸው 40 ይሆናል። የቆዳ ልብስ ከገላ ጋራ ጠበቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ሰፊ እጅጌ በመውደቅ ጊዜ ይዞርና መመከቻውን ከክርኑ ላይ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ ደረጃ 2 መሆኑ ከቶ አይረባም። ልብሱ ለብሰውት ቆመው ብቻ ሳይሆን እንደ ነጂ ተቀምጠው፥ እጅን ወደ ፊት ዘርግተው መታየት አለበት። ዋጋው ስለ ረከሰ ብቻ ልኩ ያልሆነውን ልብስ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን አላተረፈም፥ ሌላ ሰው የጣለውን ተሸከመ እንጂ።

ከዚህ ጋራ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። እዚህ የተሰጠው ምክር ሁሉ ለቆዳ ልብስ ነው። ሄልሜትን ግን ልባሽ መግዛት አይገባም፤ አንድ ጊዜ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ፍተሻው ካለቀ በኋላ ሒሳቡ ይከተላል። ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው የዕቃ ዋጋ የግዢው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ማጓጓዣውም፥ ማደሻውም ይደመርበታል። ለልባሽ ቆዳ ልብስ ይህን ደንብ መከተል ይጠቅማል፤ የአንድ ዓይነት አዲስ ልብስ ዋጋ ለሁለት ይከፈል፤ ከግማሹ ላይ የጥገናውና የማጓጓዣው ወጪ ይቀነስ፤ የቀረው ለሻጩ ሊከፈል የሚገባው ከፍተኛ ዋጋ ነው።

ለትምህርት ያህል ሁለት ጃኬቶች እንውሰድ፤ የሁለቱም አዲሱ ዋጋ 360 ዩሮ ነው እንበል። ግማሹ 180 ዩሮ ይሆናል። የመጀመሪያው ጃኬት በ60 ዩሮ ይሸጣል፤ ዚፑን ለማስለወጥ 45፥ አንድ ትከሻ እንደ ገና ለማሰፋት 40፥ አዲስ መመከቻ ለማስገባት 40፥ ለማጓጓዣ 10፥ በድምሩ 135 ዩሮ ያስወጣል። ከ180 ላይ 135 ሲቀነስ 45 ይቀራል። ሻጩ 60 ስለ ጠየቀ ጃኬቱ በ15 ዩሮ ተወድዷል። ሁለተኛው ጃኬት በ130 ዩሮ ይሸጣል፤ ዚፑም ስፌቱም ደኅና ስለ ሆነ የሚያስፈልገው መመከቻ 40 እና ማጓጓዣ 10፥ በድምሩ 50 ዩሮ ብቻ ነው። ከ180 ላይ 50 ሲቀነስ 130 ይቀራል፤ ዋጋው ልክ ነው። በመጨረሻ የመጀመሪያው 195 ዩሮ፥ ሁለተኛው 180 ዩሮ ፈጅቷል። በመጀመሪያ እይታ ከእጥፍ በላይ የተወደደው ጃኬት በመጨረሻ የረከሰው ሆነ፤ ያውም የተጠገነ ሳይሆን ጤነኛ ስፌት ይዞ።

ይህን ሒሳብ በወረቀት ጽፎ ወደ ገበያ መሄድ ይሻላል። በገበያ መካከል፥ ልብሱ በትከሻ ላይ እያለ፥ ልብ ወደ ውበቱ ያዘነብላል፤ የቸኮለም አፍሶ ይለቅማል።

በሩቅ ሆኖ ስለ መግዛት

ዛሬ ብዙ ልባሽ ልብስ እንደ ኢቤይ ባሉት በኢንተርኔት በሚሠሩ ገበያዎች ይሸጣል። በዚህ ዓይነት ግዢ ገዢው ቆዳውን ሊያጥፍ፥ ስፌቱንም ሊስብ አይችልም፤ ስለዚህ ፍተሻውን በሻጩ እጅ ማስፈጸም አለበት። ከመክፈሉ በፊት አራት ጥያቄ ይጻፍለት። ልብሱ ወድቆ ያውቃልን? ቀለም ተቀብቷልን? መመከቻው አለን፥ ደረጃውስ ስንት ነው? የደረቱና የእጅጌው ርዝመት በሴንቲ ሜትር ምን ያህል ነው? ከዚህም ጋራ የትከሻው፥ የክርኑ፥ የውስጡ ምልክትና የዋናው ዚፕ ፎቶግራፍ በቅርብ ተነሥቶ እንዲላክ ይጠየቅ። ሐቀኛ ሻጭ ለዚህ አይከፋም። መልሱን የሚያዘገይና «ሁሉም ደኅና ነው» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሻጭ ግን መልሱን ሰጥቷል። የተጻፈውም መልስ መጠበቅ አለበት፤ ዕቃው ደርሶ ሌላ ሆኖ ሲገኝ ገንዘብ ለማስመለስ የሚያገለግለው ያው ጽሑፍ ነው።

ከተገዛ በኋላ

የተገዛው ልብስ በማጠቢያ መኪና አይታጠብም፥ በእሳትም አጠገብ አይደርቅም፤ ሁለቱም ቆዳውን ያኮማትሩታል። ለቆዳ በተዘጋጀ ሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በጥላ ውስጥ ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ ይሰቀላል፤ ከደረቀ በኋላ የቆዳ ቅባት በስሱ ይቀባል። ቅባት ማብዛት ግን ቆዳውን ያልመዋል፥ ቆሻሻም ይስባል። የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ ሰፊ ትከሻ ያለው ይሁን። የላላ ስፌት በታየ ጊዜ ወዲያውኑ ማሰፋት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

ለባለሱቆችና ለላኪዎች

ይህን ሸቀጥ በውጭ አገር ሱቅ ከፍተው የሚነግዱ ወገኖቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ ይገባል። ልባሽ የመከላከያ ልብስ የሚሸጥ ሰው ከልብሱ ጋራ ቃሉን አብሮ ይሸጣል። ከአደጋ የወጣውን ልብስ ከሌላው ለይቶ «ለጌጥ ብቻ» ብሎ መጻፍ ዋጋውን ጥቂት ይቀንሰዋል፤ ዳሩ ግን ደንበኛው በሱቁ ላይ ያለው እምነት ከዚያ ቅናሽ ይበልጣል። ቀለም ቀብቶ የሸጠው ሰው ያተረፈው ጥቂት ዩሮ የአንድ ሰው ክርን ወይም ጉልበት ሊሆን ይችላል። ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት የሚያስቡ አስመጪዎች ደግሞ ልባሽ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ለረጅም ዘመን የተከለከለ ሆኖ መኖሩን አውቀው፥ ማናቸውንም ዕቃ ከማዘዛቸው በፊት የጉምሩክን ሕግ ይመርምሩ።

ለቆዳና ሌጦ ላኪዎቻችንም ይህ ትምህርት የራሱ ጥቅም አለው። የኢትዮጵያ ደጋ በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ሳለ ብርቱ በመሆኑ በዓለም የጓንት ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በሌላ አገር ከሚገኘው ሱፋም በግ ሌጦ የሚለየውም በዚሁ ነው። ይሁን እንጂ በአራጁ ቢላዋ የተጫረ፥ በእሾህ የተቧጨረ፥ ወይም እከክ የበላው ሌጦ ደረጃው ይወድቃል። ከላይ እንዳየነው በሩቅ አገር የሚኖር ገዢ ልብሱ ከተሠራ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ቆዳውን አጥፎ፥ ስፌቱን ስቦ፥ በጣቱ ዳስሶ ነው ዋጋ የሚሰጠው። በእርድ ጊዜ በቸልታ የተጫረች አንዲት መስመር በዚያች ቀን ትገለጣለች። መልካም ቆዳ ሁለት ጊዜ ይሸጣል፥ መናኛ ቆዳ ግን አንድ ጊዜም በጭንቅ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ ለመሰብሰብ፥ ገዢው ጤነኛውን ልብስ የሚፈልገው በብርድ ወራት ይሁን፤ ቆዳውን ይጠፍ፥ ስፌቱን ይሳብ፥ ዚፑን ይክፈት፥ መመከቻውን ያውጣ፥ ምልክቱ በየትኛው ላይ እንዳለ ያንብብ፥ ልብሱን ለብሶ ይቀመጥ። ከዚያም የጥገናውን ወጪ ደምሮ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ጋራ ያስተያይ። ከዚህ ፈተና ያለፈ ልብስ አሮጌ ቢሆንም ለባለቤቱ ይታመናል። በዚህ ፈተና የወደቀውን ግን በነጻ ቢሰጡትም እንኳ ሊነዳበት አይልበሰው።